ከቦዳ መንደር እስከ ሥላሴ ደጅ
ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅንና የሰው ዕድሜ ማጠር



ጾመ ፍልሰታ ከሰባቱ የቤተ ክርስቲያናችን አጽዋማት አንዱ ሲሆን፥ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ሕፃናት ሳይቀሩ በናፍቆት የሚጾሙት፥ በየአጥቢያው ሰዓታቱና ውዳሴው፥ ቅዳሴውም የሚሰማበት የሱባዔ ወቅት ነው። አባቶቻችን እንዳስተማሩን እመቤታችን በዚህ ዓለም 64 ዓመት ኖራ ጥር 21 ቀን ዐርፋለች። ሐዋርያትም ሥጋዋን ለማግኘት ሁለት ሱባዔ ጾመው በ14ኛው ቀን ተቀብለው ቀበሯት፤ በሦስተኛውም ቀን፥ ነሐሴ 16፥ ተነሥታ ዐረገች። እንግዲህ በዓሉ የትንሣኤ በዓል ብቻ ሳይሆን የሞትም መታሰቢያ ነው። ጌታን የወለደች እናት እንኳ የሞትን ደጅ ሳትረግጥ አላለፈችም።

ሁላችንም ሟቾች መሆናችንን እናውቃለን። በየለቅሶው ቤት እንናገረዋለን፤ በየፍትሐቱ እንሰማዋለን። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት ብዙ ጊዜ ልባችንን አያራራውም። የማናውቀው ሰው መሞቱ ሲነገረን ነፍስ ይማር ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። የሞቱት ብዙዎች ሲሆኑማ ቁጥሩን ሰምተን እንረሳዋለን። ታዲያ የሌላውን ሰው ዕድሜ ማጠር እንደ ራሳችን ጉዳት አድርጎ የሚያሰማን ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ በሕይወታቸውም በሥራቸውም መልስ ትተውልን ካለፉት ሰዎች አንዱ የአምቦው ተወላጅ ባለቅኔ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ናቸው። የሕይወታቸውን ታሪክ በዚህ በዓል ዓምድ ላይ ማቅረባችንም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተወለዱት በዚሁ በፍልሰታ ሱባዔ ውስጥ ነውና።

በጦርነት መካከል የተወለደ ሕፃን

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ሆለታን፥ የማርያምን ደብር የያዘችውን አዲስ ዓለምንና ግንጪን እያቋረጠ አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጉደር ወንዝ ይወርዳል። አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጠራ ነበር። ከምድር ፈልቶ የሚወጣው ማዕድናዊ ውኃዋ ሕሙማንን ከሩቅ አገር ይጠራ ስለነበር ስሙ የሚገባት ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለዱት በዚሁ አካባቢ፥ ቦዳ በተባለው ቀበሌ፥ በነሐሴ ወር 1928 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ገብረ መድኅን ሮባ የሜጫ ኦሮሞ፥ እናታቸው ወይዘሮ ፈለቀች ዳኜ ደግሞ ከአንኮበር ወገን የመጡ አማራ ነበሩ።

ያ ክረምት ግን የሕይወት ክረምት አልነበረም። የፋሽስት ኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ሕፃኑ ሲወለድ አባት በቤት አልነበሩም፤ ወራሪውን ለመግጠም ዘምተው ነበር። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ውስጥ የወለደች እናት ልጇን በአንድ ክንዷ ታቅፋ፥ ባሏ ይኑር ይሙት ሳታውቅ በሌላው እጇ እሳት ታነድ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ጸጋዬ ከመወለዳቸው ሦስት ሳምንት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በፋሽስት ጥይት ተደብድበው በሰማዕትነት ዐርፈዋል። ጳጳሱ ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ አስተምረዋል፤ አርበኞችን አውግዙ ሲባሉም እምቢ ብለዋል። አንዱ ሞተ፤ ሌላው ተወለደ። የቦዳው ሕፃን አድጎ፥ የእኒያን ጳጳስ የመጨረሻ ሰዓት ለኢትዮጵያ ሕዝብ በቃል ሥሎ የሚያሳይ ሰው እንደሚሆን በዚያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

ከብት ጥበቃ፥ ግእዝና ባዶ ኮርቻ

ጸጋዬ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ጠብቀው አደጉ። በዚያው ላይ የቤተ ክርስቲያን ልሳን የሆነውን ግእዝን ተማሩ። ስለዚህ ገና በብላቴናነት ሦስት የቃል ምንጮች ተገናኙላቸው፤ የአባታቸው ኦሮምኛ፥ የእናታቸው አማርኛና የደብሩ ግእዝ። የግእዝ ትምህርት ደግሞ ከቅኔ አይለይም። ቅኔ ማለት በአንድ ቃል ውስጥ ሰምና ወርቅን አዋሕዶ መናገር ነው። ሰሙ ዓይን የሚያየው፥ እጅ የሚዳስሰው ነገር ነው፤ ወርቁ ልብ የሚደርስበት ምሥጢር ነው። ሰም የሌለው ወርቅ መያዣ የለውም። ይህን የአብነት ትምህርት ቤት ሕግ ጸጋዬ ዕድሜ ልካቸውን አልተዉትም።

በምዕራብ ሸዋ ያደገ ልጅ ግን ከደብሩ ትምህርት ሌላ የሚማርበት ቦታ ነበረው፤ እርሱም የለቅሶ ሜዳ ነው። በዚያ አገር ፈረስ የሰው ክብር ነው። አንድ ታዋቂ ሰው ሲሞት በባህሉ መሠረት ፈረሱ ተጭኖና ተሸልሞ ወደ ለቅሶው ይመጣል፤ ልብሱና መሣሪያውም ለሕዝብ ይታያል። ከዚያ በፊት ለቀስተኛው የሰማው የሞት ዜና ነው። ፈረሱ ባዶ ኮርቻ ተሸክሞ ሲያልፍ ግን የሰማውን በዓይኑ ያያል። አልቃሿም ይህን ታውቃለችና ሙሾዋን ስታወርድ ሟቹ ሞተ ብላ አትናገርም፤ ማን በዚህ ኮርቻ ይቀመጥ፥ ማን ይህን በር ይክፈት በሚል መንገድ ትሄዳለች እንጂ። ያን ጊዜ ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ቆሞ ያለቅሳል። የሚያለቅሰውም ስለ ራሱ ቤት ኮርቻ፥ ስለ ራሱ ቤት በር ነው።

እንግዲህ የግጥም ሥዕል ሥራው ይኸው ነው። ሰው ሟች ነው የሚለው ቃል አእምሮን ያስተምራል፤ ባዶው ኮርቻ ግን ልብን ያራራል። ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህን መንገድ አልናቁትም። ዳዊት በ102ኛው መዝሙሩ የሰውን ዘመን ከሣርና ከዱር አበባ ጋር ያስተያየው፥ ሣርና አበባን በዓይኑ ያላየ ሰው ስለሌለ ነው።

በአምቦ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ

ጸጋዬ የመጀመሪያውን ተውኔታቸውን የጻፉት ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳሉ፥ በአምቦ ትምህርት ቤት ነበር። ተውኔቱ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የሚናገር ሲሆን፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት በትምህርት ቤቱ ታየ። የዲዮኒስዮስ ስም በጥንታውያን የግሪኮች ትርክት የሚታወሰው፥ ሞት ከተፈረደበት ወዳጁ ፈንታ ነፍሱን ዋስ አድርጎ ስለ ቆመው ሰው በሚነገረው ታሪክ ነው። አንድ የገጠር ልጅ ከዓለም ታሪክ ሁሉ መርጦ ይህን የንጉሥ ስም ማንሣቱ በአጋጣሚም ቢሆን ትርጉም አለው። በሌላው ሞት ፈንታ መቆም የሰማዕታትም፥ የእውነተኛ ገጣሚም ግብር ነውና።

ከአምቦ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማሩ። በኋላም ከአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ከሚገኘው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት በሕግ ተመረቁ። ሆኖም ልባቸው ከመድረክ አልራቀምና በ1952 ዓ.ም. ገደማ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በለንደን ሮያል ኮርት ቴአትርና በፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትርን ጥበብ አጠኑ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት፥ በጥበብ ዳይሬክተርነት አገለገሉ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸውም በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅትን ሽልማት ተቀበሉ። በእንግሊዝኛ የጻፉትና የአባቶቻቸውን የዖዳ ዛፍ ሥርዓት መነሻ ያደረገው ተውኔታቸውም በ1957 ዓ.ም. ግድም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል።

ከሼክስፒር ተውኔቶች «ኦቴሎ»ን፥ «ማክቤዝ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ መልሰዋል። በ«ሐምሌት» ውስጥ ልዑሉ መቃብር ቆፋሪ ያወጣውን የራስ ቅል በእጁ ይዞ የሚያስብበት ትርኢት በዓለም የታወቀ ነው። ያ የራስ ቅል በልዑሉ ልጅነት በቤተ መንግሥቱ ሰውን ሲያስቅ የኖረ የአንድ ቀልደኛ ነበር። ልዑሉ በሞት ላይ ብዙ ተፈላስፎ ነበር፤ ነገር ግን በጀርባው ያዘለውን ሰው ቅል በእጁ እስኪይዝ ድረስ ሞት ለእርሱ አሳብ ብቻ ነበር። በምዕራብ ሸዋ ባዶውን ኮርቻ ያየ ብላቴና፥ ይህን ትርኢት ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ያቺ ሰዓት

በ1961 ዓ.ም. ባለቅኔው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተባለውን ተውኔት አቀረቡ። በ«ሰቆቃወ ጴጥሮስ» ስም የሚታወቀው ግጥምም የዚሁ ፍሬ ነው። ዛሬ በብዙ ኦርቶዶክሳውያን ቤት፥ ግጥም የማንበብ ልማድ በሌላቸው ዘንድ ሳይቀር፥ ይህ ግጥም በቃል ይነገራል። ለምን እንዲህ ወደ ልብ እንደ ገባ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይበቃል።

የመጀመሪያው ርእሱ ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሕይወት በአገልግሎት የተሞላ ነበር። መነኵሴ ነበሩ፥ መምህር ነበሩ፥ በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ባለቅኔው ግን ይህን ሁሉ ትተው አንዲትን ሰዓት መረጡ። ዓመታትን በብዛት የሚቆጥር ሰው ዕድሜ ረጅም ይመስለዋል፤ አንዲት ሰዓት ብቻ የቀረችው ሰው ግን እያንዳንዷን ትንፋሽ ይቆጥራል። ያቺ ሰዓት የሚለው አነጋገር ለክርስቲያን ጆሮ እንግዳ አይደለም። ማንም የማያውቃት፥ ሁሉም የሚጠብቃት ሰዓት አለችና። ስለዚህ አንባቢው የጳጳሱን ሰዓት ሲያነብ ሳያውቀው የራሱን ሰዓት ያስባል።

ሁለተኛው ግጥሙ ለማን እንደ ተነገረ ነው። በግጥሙ ውስጥ አቡነ ጴጥሮስ ከገዳዮቻቸው ጋር አይከራከሩም፤ ወደ እመ ብርሃን፥ ወደ እመቤታችን ይጮኻሉ። በዚያ ልመና ውስጥ ከሚታዩት ሥዕሎች አንዱ የእናት መቀነት ነው። ይህ ሥዕል ከቤታችን የተወሰደ ነው። የገጠር እናት ሳንቲሟን የምትቋጥረው፥ ለታመመ ልጇ መድኃኒቷን የምታስረው በመቀነቷ ነው። ልጅ ሲቸግረው እናቱ መቀነቷን ትፈታለታለች። እንግዲህ የእናት መቀነት እንደ ጠበቀ ቢቀር ምን ማለት እንደሆነ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል። ባለቅኔው የአገሪቱን መከራ በረቂቅ ቃል አላብራሩም፤ መቀነቷን የሚያይ ልጅ አድርገው አሳዩን እንጂ። የፍልሰታን ሱባዔ የምንጾም ምእመናን ይህን ልመና በተለየ መንገድ ልንሰማው ይገባል። እኛም በእነዚህ ቀናት በአማላጅነቷ ፊት የቆምነው ያው መቀነት እንዲፈታልን ነውና።

ሦስተኛው፥ ግጥሙ በሞት ፊት ቆሞ ወደ ልጅነት መመለሱ ነው። የሚገደሉት ሰው ጳጳስ ናቸው፤ በእጃቸው መስቀል አለ። ባለቅኔው ግን በማዕርጋቸው ብቻ አላሳዩንም፤ በአንድ ወቅት በገጠር የሮጡ፥ የእናት ልጅ የነበሩ ብላቴና መሆናቸውን አስታወሱን። በዚህ ምክንያት የተደበደበው አንድ ታላቅ ሰው ብቻ ሳይሆን አንድ ሙሉ ዕድሜ፥ ከጠዋቱ ጀምሮ፥ መሆኑ ይሰማናል። ሰማዕትን የምናከብረው ስላልፈራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእኛ የራቀ ፍጥረት በሆነብን ነበር። ሕይወትን እንደ እኛ የሚወድድ፥ ልጅነቱን እንደ እኛ የሚናፍቅ ሰው ሆኖ ሳለ ነፍሱን መስጠቱን ስናይ ግን መሥዋዕትነቱ ምን ያህል እንደ ከበደ እንረዳለን። ርኅራኄ ክብርን አይቀንስም፤ ያበዛዋል እንጂ።

የቦዳው ሕፃን እኒህን ጳጳስ በዓይኑ አላየም፤ እርሱ ሲወለድ እርሳቸው ዐርፈው ነበር። ላላዩት ሰው ማልቀስና ሌላውንም ማስለቀስ የተቻለው በሥዕል ኃይል ነው።

እሳትና አበባ

በ1966 ዓ.ም. የጸጋዬ ግጥሞች «እሳት ወይ አበባ» በሚል ርእስ በአንድ መጽሐፍ ታተሙ። ስንኞቻቸው የሚሄዱበት ምጣኔ ከቀድሞው የተለየ ሆኖ በመገኘቱ የሥነ ግጥም መምህራን «የጸጋዬ ቤት» የሚል ስም ሰጥተውታል። የርእሱን ሁለት ቃላት የሚያስተውል ሰው ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆኑ ያያል።

በአገራችን አቆጣጠር እሳትና አበባ በአንድ ወር ይገናኛሉ። መስከረም ሲጠባ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው በየቤቱ ይዘምራሉ፤ ወሩ ሳያልቅም የመስቀል ደመራ ይለኮሳል። አደይ አበባ የምዕራብ ሸዋን ሜዳና ተዳፋት ቢጫ አልብሳ የምትቆየው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጪው ዓመት አትታይም። ደመራውም በአንድ ምሽት ነዶ ያልቃል፤ የሚተርፈው ምእመናን በግንባራቸው የሚቀቡት አመድ ነው። ሁለቱም አጭር ናቸው። ነገር ግን አበባዋ እስክትረግፍ ታስደስታለች፤ እሳቱም እስኪጠፋ ያበራል፥ ያሞቃልም። ያው እሳት ያለ ቦታው ቢወድቅ ደግሞ ያቃጥላል። እንግዲህ ሰው ዕድሜው አጭር ስለ መሆኑ ምርጫ የለውም፤ በዚያች አጭር ጊዜ ምን እንደሚሆን ግን ምርጫ አለው። ከርእሱ የምንቀስመው ትምህርት ይህ ይመስለናል።

መጽሐፉ በታተመበት ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የእሳት ዓመታት ነበሩ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን የወጣቶች አስከሬን በየመንገዱ ወድቆ ታየ፤ እናት ለልጇ በግልጥ እንዳታለቅስ ተከለከለች። ሞትን በቁጥርና በመፈክር ብቻ የሚናገር ዘመን የመጀመሪያ ሥራው ለቅሶን መከልከል መሆኑ ሊያስገርመን አይገባም። ለቅሶ የሟቹን ስም ይጠራልና፤ ስሙ የተጠራ ሰው ደግሞ ቁጥር ሆኖ አይቀርም። የባለቅኔው ሥራዎችም በየዘመኑ መንግሥታት ከሳንሱር እጅ አላመለጡም፤ ከመድረክ የታገዱ ተውኔቶች ነበሯቸው። እርሳቸው ግን መጻፋቸውን አላቋረጡም። የአፍሪካ አገሮች ዛሬም በኅብረታቸው ጉባኤ ቆመው የሚዘምሩት መዝሙር ግጥም የእርሳቸው ነው። በአምቦ ሜዳ ከብት የጠበቀ ብላቴና ቃል የአንድ ክፍለ ዓለም ቃል ሆነ።

የመጨረሻው ጉዞ

በ1990 ዓ.ም. ባለቅኔው በኩላሊት ሕመም ምክንያት ለሕክምና ወደ አሜሪካ ተጓዙ፤ በኒው ዮርክም ተቀመጡ። የኩላሊት እጥበት ምን እንደሆነ በየቤታችን የሚያውቁት ጥቂቶች አይደሉም። የሕመምተኛው ደም በቱቦ ከአካሉ ወጥቶ በመሣሪያ ይጣራል፤ ተመልሶም ወደ አካሉ ይገባል። በየሳምንቱ ደጋግሞ ለሰዓታት በመሣሪያው ሥር መተኛት ግድ ነው። ስለ ያቺ ሰዓት የጻፉት ሰው በመጨረሻ ዓመታቸው ዕድሜያቸው በሰዓት የሚለካ ሆነ። ከዚህም በላይ ከአገራቸው ርቀው ነበር። የአምቦን ውኃ ቀምሶ ላደገ ሰው የባዕድ አገር ክረምት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ በስደት ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል።

የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ቅዳሜ፥ በኒው ዮርክ ማንሃተን ዐረፉ። ዐቢይ ጾም ሊገባ የቀረው አንድ ቀን ነበር፤ ሰኞ የካቲት 20 ጾሙ ተያዘ። በፍልሰታ ሱባዔ የተጀመረ ሕይወት በዐቢይ ጾም ዋዜማ ተፈጸመ። የሙሴ ጸሎት በተባለው 89ኛው መዝሙር የሰው ዕድሜ ልክ ሰባ ዓመት ሆኖ ተጠቅሷል፤ ባለቅኔው ሰባ ሊሞላቸው የቀራቸው ስድስት ወር ገደማ ነበር። አስከሬናቸው ወደሚወዷት አገራቸው ተመልሶ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። በዚያው ቅጥር ግቢ አርበኞችና የአገር ባለ ውለታዎች አርፈዋል። ከአባታቸው ጦር ሜዳ ጋር የጀመረው ታሪክ በአርበኞች መካከል ተዘጋ።

ሰበኑን መካፈል

ወደ በዓላችን እንመለስ። ቅዱስ ቶማስ በእመቤታችን ቀብር አልነበረም። ከሕንድ በደመና ተጭኖ ሲመጣ ስታርግ አገኛት፤ እርሷም ለምስክርነት የተገነዘችበትን ሰበን ሰጠችው። ቶማስ ሰበኑን ለወንድሞቹ ባሳያቸው ጊዜ ትንሣኤዋን አመኑ፤ ሰበኑንም ለበረከት ተካፈሉት። ካህናት በእጅ መስቀላቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ የዚያ መታሰቢያ ነው ተብሎ ይተረካል። ሐዋርያት ቃሉን ብቻ አልሰሙም፤ ሰበኑን በእጃቸው ዳሰሱ።

ጥሩ ግጥም እንደዚያ ሰበን ነው ብንል ከመጠን ያለፍን አይመስለንም። በቀብሩ ላይ ላልነበርነው ከሟቹ የተረፈውን ያመጣልናል። የአቡነ ጴጥሮስን መስቀል፥ የእናትን መቀነት፥ ባለቤት የሌለውን ኮርቻ በእጃችን ያስይዘናል። ከያዝን በኋላ ሞቱ የእኛ አይደለም ማለት አንችልም።

በቅርብ ዓመታት በአገራችን በየአቅጣጫው፥ በምዕራብ ሸዋ ከተሞችም ጭምር፥ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሳይጠግቡ ሲወድቁ ሰምተናል። የሰማነው ግን በአብዛኛው በቁጥር ነው። የወደቀው የእኛ ወገን ሲሆን እናለቅሳለን፤ የሌላው ወገን ሲሆን ቁጥሩን አንብበን እናልፋለን። የኦሮሞ አባትና የአማራ እናት ልጅ የሆኑት፥ በግእዝ ቅኔ ያደጉት ባለቅኔ ለዚህ ዘመን የተዉልን ስንቅ ይህ ነው፤ አንድ ሞት በተነገረን ጊዜ ቁጥሩን ትተን መቀነቱን እንፈልግ። ያ የወደቀው ወጣት እናቱ ምን ቋጥራለት ነበር? በየትኛው ሜዳ ከብት ጠበቀ? በፍልሰታ ጠዋት እጁን ይዛ ለቍርባን ያደረሰችው ማን ናት? ይህን የጠየቀ ሰው በወንድሙ ላይ እጁን ለማንሣት ይከብደዋል።

ዛሬ ጾሙን ስንፈታ፥ ልጆቻችንን በማዕዱ ዙሪያ ሰብስበን ከእኛ በፊት ያለፉትን እናንሣላቸው። አያታቸው ሞተዋል ብለን ብቻ አንተው፤ የአያታቸውን ምርኩዝ፥ የጸሎት መጽሐፋቸውን፥ የሚቀመጡበትን በርጩማ እናሳያቸው። የልጅ ልብ በዚህ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ልብም የሌላውን ዕድሜ እንደ ራሱ ዕድሜ ይሳሳለታል።

አምላከ ቅዱሳን የባለቅኔውን ነፍስ ከቅዱሳን አበው ጋር ያሳርፍልን፤ እኛንም በእመቤታችን አማላጅነት ለንስሓ ዕድሜ፥ ለወንድሞቻችንም ሞት የሚራራ ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።